የሀምዳን ጣቶች በውሻ ራጅ ላይ

ሀምዳን ያልያዘው እንስሳ አልነበረም። ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለው የእንስሳት ክሊኒክ ሰባት ዓመት ሲሠራ፣ ሌላው ሰው በር ዘግቶ የሚሸሸውን ውሻ እሱ አንገቱን አቅፎ፣ ጆሮው ሥር አንሾካሹኮ ጸጥ ያሰኘዋል። ቀድሞ ባለጋሪ ስለነበር የፈረስ ጠባይ ያውቃል፤ የውሻውን ክሊኒኩ ውስጥ ተማረው። ሚስቱ ዙቤዳ መጀመሪያ ላይ ውሻ መንካቱን አልወደደችለትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሥራ ሲወጣ እጁን በሳሙናና በበረኪና አሽቶ አሽቶ ይታጠባል። ያም ሆኖ በሥራው ይኮራ ነበር።

ያኮራውም የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰይፈሥላሴ ነው። ደንበኛ ውሻ ይዞ ለራጅ ሲመጣ፣ «ማስተኛ መርፌ አያስፈልገውም፤ ሀምዳን አለልን» ይላል። ሀምዳን ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። ውሻውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ እግሩን ወጥሮ ይይዛል፤ ዶክተሩ ከክፍሉ ወጥቶ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ቁልፉን ይጫናል። ጨረር እንዳያሳልፍ ከእርሳስ የተሠራ አንድ ሽርጥ ጥግ ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ታጥፎ ታጥፎ ተሰነጣጥቋል። ጓንት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

ባለፈው መስከረም ፅዮን የምትባል ወጣት የራጅ ባለሙያ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ሳምንት ዶክተሩ፣ «ሥዕሉ ጉም ይመስላል። ማሽኑ አርጅቷል፤ ኃይሉን ጨምሪው» አላት። እሷ ግን አልጨመረችም። የጨረሩን መውጫ ብታየው እስከ ጫፉ ተከፍቷል። ለአንዲት ቁርጭምጭሚት ተብሎ ጠረጴዛው በሙሉ በጨረር ይጥለቀለቃል።

«ጋሽ ሀምዳን፣» አለችው፣ «ጨረሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ አያልፍም እኮ። የውሻው ሥጋ ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ድንጋይ ላይ እንደተደፋ ውሃ። ሥዕሉን ጉም የሚያደርገው የሚበተነው ነው። አጠገቡ የቆመውን ሰው የሚያገኘውም እሱ ነው።»

የዚያን ዕለት የመጣችውን ድመት ማስተኛ ወግታ፣ በአሸዋ ከረጢት ደግፋ፣ ሀምዳንን ከክፍሉ አስወጣችው። መውጫውን አጥብባ አነሳች። አጥንቱ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ታዲያ እኔ ስይዝ የኖርኩትስ?» አላት።

ፅዮን ኮምፒውተሩን ከፈተች። ዶክተሩ ለደንበኛ የሚያሳየው ዳር ዳሩ የተቆረጠ ሥዕል ነው፤ ያልተቆረጠው ግን እዚያው ተቀምጧል። አንዱን አወጣች። የውሻ እግር፣ ከጎኑ የሰው ጣቶች። ሌላ አወጣች። የበግ ጉልበት፣ አሁንም የሰው ጣቶች። የሀምዳን የግራ እጅ ትንሿ ጣት በጋሪ ዘመኑ ተሰብራ ጠማማ ሆና ነው የገጠመችው። ያቺ ጠማማ ጣት በየሥዕሉ ላይ አለች። እስከ ሦስት መቶ ድረስ ቆጥሮ ተወው።

ንዴቱ ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ እጁን አየ። የጣቶቹ ጀርባ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሮቹ ላይ ጥቁር መስመር ወርዷል። እሱም ዙቤዳም በበረኪናው ነበር የሚያሳብቡት። ከዚያ ነው ነገሩ የገባው። ሥዕሉን የቆረጠ ሰው እጁን አይቷል። ሰባት ዓመት ሙሉ እያየ ቆርጧል።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ እግሩ የተሰበረ ትልቅ የጥበቃ ውሻ አመጣ።

«ሀምዳን!» ሲል ዶክተሩ ተጣራ። «ና ያዝልኝ።»

«አልይዝም።»

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«እጄን ከሥዕሉ ላይ ሲቆርጡ ምን ብለው ነው የቆረጡት?»

ዶክተሩ ደንበኛውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «እሱ እኮ ለጥራት ነው። ደግሞ ትንሽ ጨረር ናት፤ ምንም አታደርግህም።»

ሀምዳን ሰባት ዓመት «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው ያን ጊዜ አንተ አለው። «ምንም ካላደረገች አንተ ያዘው! ና! እኔ ግድግዳው ጀርባ ቆሜ ልጫንልህ!»

ዶክተሩ ወደ ጠረጴዛው አንዲት እርምጃ አልተራመደም። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ፅዮንም፣ «ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ እኔ አልጫንም» አለች። ደንበኛው ግራ ተጋብቶ፣ «ኧረ ማስተኛ ካለ ውጉት፤ ምን ችግር አለው?» አለ።

ተወጋ። ውሻው ተኛ፤ እግሩ በአሸዋ ከረጢት ተደገፈ፤ መውጫው ጠበበ፤ ሁሉም ወጡ፤ ራጁ ተነሳ። ሀምዳን ሰዓቱን ይመለከት ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

እስከ ዛሬ የሚያበግነው ይሄ ነው። ከባድ ነገር ቢሆን፣ ከውጭ የሚመጣ ማሽን ቢያስፈልግ፣ ምናልባት ይቅር ይል ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለመቆጠብ ነው የእሱን እጅ ጨረር ውስጥ የከተቱት! በራሱም ይናደዳል፤ ባሞገሱት ቁጥር ደረቱን መንፋቱ ያንገበግበዋል።

ዘነበወርቅ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ጥፍሮቹን በማጉያ መነጽር አይቶ፣ «ከጨረሩ ይሁን ከበረኪናው አሁን መናገር አልችልም። በሦስት ወር ይመለሱ፤ ቁስል ከወጣ ግን አንድ ቀንም እንዳያድሩ» አለው። ፅዮን ያልተቆረጡትን ሥዕሎች ገልብጣ ሰጠችው፤ አቤቱታ ጽፈውም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገቡ። መልስ አልመጣም። ክሊኒኩ ውስጥ አሁን ራጅ ሲነሳ እንስሳ የሚይዝ ሰው የለም። ሀምዳንም ሌላ ሥራ ስላላገኘ እዚያው ነው። ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ይለዋል። አይመልስለትም።

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች ታክሲ ሲጠብቅ የጋሪ ዘመን ጓደኛውን ቦሩን አገኘው። ቦሩም እዚያው አካባቢ ሌላ ክሊኒክ ውስጥ እንስሳ ያዥ ነው። ሀምዳን የደረሰበትን ሲነግረው ቦሩ ሳቀ። «ጨረር ያማል እንዴ? እኔ ምንም ተሰምቶኝ አያውቅም!»

«እኔስ መቼ ተሰማኝ!» ብሎ ሀምዳን ጮኸበት። ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። «አይሰማም እኮ! ስለማይሰማ ነው የሚጫወቱብን!»

ቦሩ ሳቁን ዋጠ። ታክሲው መጥቶ ሞልቶ ሲሄድ ሁለቱም አልተሳፈሩም። በማግስቱ በጠዋት፣ ቦሩ የሚሠራበት ክሊኒክ ሳይከፈት፣ አብረው በሩ ላይ ቆመው አለቃውን ይጠብቁ ነበር።