ለእራት ያልቆየው እንግዳ

ሰብስቤ ዲላ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ጋራዡ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ባጃጅም ሆነ ቡና ሰብሳቢዎች የሚነዷቸው ትንንሽ ሞተሮች ሲበላሹ መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ዘንድ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። ደንበኞቹ "ሰብስቤ ያዘገይሃል፣ ግን ሁለተኛ አትመለስም" ይሉለታል።

ሚስቱ ኤልቤቴል በዚሁ መንገድ ወደ ሞያሌ ሲኬድ ያለችው የፍስሐ ገነት ከተማ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። ተማሪ እያለች ፍሬዘር ከሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ጋር ሁለት ዓመት እንደቆየች ከመጋባታቸው በፊት ራሷ ነግራዋለች። ሰብስቤ "ያለፈ ነገር ነው" ብሎ ተወው። ስሙን ግን አልረሳውም።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ትልቅ የጉዞ ሞተር የጫነ አይሱዙ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው አንድ ረጅም፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ወረደ።

"ወደ ሞያሌ እየሄድኩ ነበር" አለ። "ወናጎ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ አይሄድም።"

"ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው" አለ ሰብስቤ። "ዲስኮቹ ሲያልቁ ጉልበቱን ይዘው ለጎማው አያደርሱም። ግን ለዚህ ዓይነት ሞተር መለዋወጫ እዚህ አታገኝም።"

"ይዣለሁ" አለ ሰውየው፤ ከኋላው ሳጥን አዳዲስ ዲስኮች አወጣ።

ሰብስቤ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሞተር እጁ የሚገባው ስንቴ ነው? ዘይቱን አፍስሶ፣ የጎኑን ክዳን ከፍቶ፣ ጠቁረው የሳሱትን አሮጌ ዲስኮች እያወጣ ሳለ ኤልቤቴል ለምሳ ወጥታ በበሩ ብቅ አለች።

"ፍሬዘር?" አለች።

"ኤልቢ!"

ተቃቀፉ። ኤልቤቴል አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሰብስቤ ሚስቱ እንዲህ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። "ኤልቢ" ተብላ ስትጠራም ሰምቶ አያውቅም።

"ባለቤቴ ነው" አለች ወደ እሱ እያመለከተች።

"እድለኛ ነህ ወንድሜ" አለ ፍሬዘር እጁን ዘርግቶ። የሰብስቤ እጅ ዘይት በዘይት ስለነበር አንጓውን ሰጠው።

"ዛሬ እራት እኛ ቤት ነው" አለች ኤልቤቴል። "ሥጋ ገዝቼ እገባለሁ።" ከመሄዷ በፊት ስልክ ተለዋወጡ። ሰብስቤ አቀርቅሮ ብሎን እየፈታ ሰማቸው።

አዲስ ዲስክ ከመገጠሙ በፊት ዘይት ውስጥ ማደር አለበት። ሰብስቤ ይህን እንኳን ሊረሳ፣ ለስንቱ መካኒክ ያስተማረ ሰው ነው። ዲስኩ ካደረ ግን ፍሬዘርም ያድራል፤ ሰብስቤ ቤት ማዕድ ቀርቦ፣ የሰብስቤን ሚስት "ኤልቢ" እያለ ያመሻል። ዲስኮቹን እንደደረቁ ገጠማቸው። ትንሽ ላላ ማለት የነበረበትን የፍሪሲዮን ገመድም እንደተወጠረ ተወው።

"አልቋል" አለው ገና አስር ሰዓት ሳይሞላ። "ሳይመሽ ብትወጣ ይሻልሃል።"

"ኤልቢ እራት ብላኝ ነበር እኮ።"

"እኔ እነግራታለሁ።"

ኤልቤቴል ሥጋውን ይዛ ስትገባ ቤቱ ውስጥ ሰብስቤ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

"የታለ?"

"ቸኮለ።"

"ፍሬዘር? እሱ መቼ ይቸኩላል?" አለች ተገርማ። ሰውየውን ይህን ያህል ማወቋ ሰብስቤን ከሳቋ የበለጠ አንገበገበው። ሥጋውን ሁለቱ ብቻ በሉት።

በማግስቱ ጠዋት የኤልቤቴል ስልክ ጮኸ።

"የት? እማዬ ጋ?" ስትል ሰማት። ስልኩን ዘግታ ወደ እሱ ዞረች። "ፍስሐ ገነት ሊገባ ሲል ሞተሩ እንደገና እምቢ ብሎታል። ትናንት ስልክ ስንለዋወጥ፣ መንገድ ላይ ችግር ቢገጥመው ብዬ የእማዬንም ቁጥር ሰጥቼው ነበር። እዚያ ነው ያደረው።"

በሚኒባስ አብረው ሄዱ። ፍሬዘር የሰብስቤ አማት ሳሎን ውስጥ ተደላድሎ ቆጮ እየበላ ነበር። "ግባ፣ ግባ!" አሉ አማቱ ዕንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። "ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ነው!" ሰብስቤ ስንት ዓመት እዚህ ቤት ሲመላለስ እሳቸው "ሥራ እንዴት ነው?" ከማለት አልፈው አያውቁም። ምንም ሳይቀምስ ወደ ግቢው ወጣ።

ክዳኑን ሲከፍት የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ኤልቤቴልና ፍሬዘር መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

"ጥፋቱ የእኔ ይሆናል" አለ ፍሬዘር። "ዲስኮቹን ርካሽ ነው የገዛሁት።"

ሰብስቤ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የሰውየው ደግነት ግን አናደደው።

"የዲስኮቹ ጥፋት አይደለም" አለ። "ዘይት ውስጥ ማደር ነበረባቸው። እኔ ነኝ በደረቁ የገጠምኳቸው።"

"ለምን?" አለች ኤልቤቴል።

ሰብስቤ ክዳኑን በጨርቅ መጥረግ ያዘ። ፊቱ ሲቀላ ግን አየችው። ቀስ ብላ፣ "ብታሳድራቸው ኖሮ" አለች፣ "እራቱን በልቶ ዛሬ በጠዋት ይሄድልህ ነበር።"

ፍሬዘር ፊቱን ወደ ቡና ዛፎቹ አዞረ፤ ይሳቅ ይፈር አልታወቀም።

ሰብስቤ ዲስኮቹን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ፈተገና ከአማቱ በተዋሰው ሳፋ ውስጥ ዘይት ሞልቶ ነከራቸው። ቀኑን ሙሉ ሁለቱ ወንዶች ሳፋውን መሀል አድርገው ተቀመጡ። ፍሬዘር ስለ መንገዱ አወራ፤ ሰብስቤ "እህ" እያለ ሰማው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዲስኮቹን ገጠመ፣ ገመዱን በልኩ አላላ።

"ዳገት ላይ ልሞክረው" አለ።

"እኔም እሄዳለሁ" አለች ኤልቤቴል፤ መልስ ሳትጠብቅ ከኋላ ወጣች።

ፍሪሲዮኑ ዳገቱ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ወገቡን አቅፋው ነበር። ለሙከራ ከሚያስፈልገው በላይ ርቀው ሄዱ፤ "አይበቃም?" አላለችውም። ሲመለሱ ፍሬዘር በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። በማግስቱ ማለዳ ጉዞውን ቀጠለ።

ከሁለት ቀን በኋላ ኤልቤቴል ጋራዡ መጥታ ስልኳን አሳየችው። ፍሬዘር ሞያሌ ላይ ሞተሩን ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ ልኮላት ነበር። ሰብስቤ ፎቶውን አተኩሮ አየው።

"ሞተሩ ዘይት ያፈስ እንደሆነ ጠይቂልኝ" አላት።

ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ።

"ጠብታ የለም ይላል። ሰላም በይልኝ ብሏል።"

"እሺ" አለ ሰብስቤ፤ ይፈታው ወደነበረው የባጃጅ ጎማ ተመለሰ።