የአባቴን ክራር እሳት ዳር ያደረቅኩ ዕለት

አባቴ ትቶልን የሞተው ክራር ቆዳው ተቀዶ፣ ጅማቱ ተበጥሶ፣ መካነ ሰላም ባለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ተሰቅሎ ኖረ። ክራር የሥራ ፈት ዕቃ ነው እል ስለነበር ማንም እንዲያወርደው አልፈቀድኩም። ልጄ ግን በትምህርት ቤት ክበብ መምታት ለምዳ ኖሮ፣ የእህቴ ልጅ ወግዲ ላይ ስትዳር በአያቷ ክራር መጫወት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ተቆጣሁ። ሁለት ቀን አኩርፌ ቆይቼ እሺ አልኳት፤ ግን የምጠግነው እኔ ነኝ አልኩ።

ማንበብንም፣ አናጢነትንም፣ ሬዲዮ መጠገንንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። መጠየቅ አይሆንልኝም። ከከተማው ዳር ክራርና ከበሮ የሚወጥሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሰው ፋቂ እያለ ይርቃቸዋል። እውነቱን ልናገር፤ ወደ እሳቸው ያልሄድኩት በኩራት ብቻ አይደለም። ዓይናቸው ሰው ይበላል የሚለውን ከንቱ ወሬ በማኅበር ስገሥጽ እውላለሁ፣ በልቤ ግን እፈራው ነበር።

ዓርብ የፍየል ቆዳ ነክሬ የክራሩን ገበቴ አለበስኩት፤ ከጀርባው በጠፍር ጥብቅ አድርጌ ሰፋሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጉም ነበር። ሰርጉ በማግስቱ ነው። ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቡ አስቀመጥኩት።

ቀትር ሳይሆን እንጨቱ ቋ አለ።

“አባየ፣ ጠፍሩን ይፍቱት! ሊሰነጠቅ ነው!” አለች ልጄ።

ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። ቢላ አነሣሁ፤ ስለቱ ከቋጠሮው ሥር አልገባ አለኝ። እንደገና ቋ አለ፤ ከገበቴው አፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወረደ። ልጄ ክራሩን ከእጄ ነጥቃ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችና ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ገብቶኛል። ተከተልኳት።

ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና ብለው አዩኝ።

“ጌታው፣ ለካ ደጄን ያውቁታል!”

ልጄ ክራሩን ዘረጋችላቸው። ተቀብለው ገልብጠው ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

“ይቺ ፍየል ስትታረድ እንኳን እንዲህ አልተጨነቀች። ማነው የወጠራት?”

ልጄ መሬት መሬት ታያለች።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“እሳት ዳር?”

“እሳት ዳር።”

ገበቴውን እንድይዝ አዘዙኝ። እሳቸው የጀርባውን ጠፍር ብቻ በጨርቅ እያራሱ፣ በወስፌ ጫፍ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ይፈለቅቁ ጀመር። እንጨቱ በተንጣጣ ቁጥር ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲላላ ስንጥቁ መሐል ሳይደርስ ቆመ።

“ተርፏል። ቆዳ ግን ጥላ ውስጥ፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚደርቀው። ለነገ አይደርስም።” ወደ ልጄ ዞሩ። “አብሽሪ ልጄ፣ ሰርግ አይጠፋም።”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ እህቴ ልጄን “ክራሩስ?” ብላ ጠየቀቻት።

“ገና አልደረቀም፣ አክስቴ” አለች።

ውሸት አይደለም፤ እኔን መሸፈኗ ግን ነበር። ልጅ የአባቷን ጥፋት መሸከም የለባትም። ብድግ ብዬ፣ እሳት ዳር ያደረቅኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የሚያውቅ ሰው እያለ በንቀትና በፍርሃት እንዳለፍኩት፣ ክራሩንም ያተረፉት እኒያው ሰው እንደሆኑ ለእድምተኛው ሁሉ ተናገርኩ። አንዳንዱ ዓይኑን ወደ ምግቡ መለሰ። እኔ ግን ሸክሜ የቀለለኝ መሰለኝ።

እህቴ እጅጌዬን ሳብ አደረገችና በቀስታ፣ “ታዲያ ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም?” አለችኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቤ እንኳን አልመጣም ነበር።