ጉደር ላይ የወረደው ተመልካች

የራሴን ንግግር ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ጉደር ውስጥ፣ በአንድ የእህል ነጋዴ ሳሎን፣ ቆሜ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ስለዚህ ሦስታችንም ቆመናል፤ ከኋላችን ሦስት ወንበር ተደርድሯል። ጉልበቴ ግን ባህል አያውቅም።

ነገሩ እንዲገባ ከተከራዬ ልጀምር። አምቦ ካለው ግቢዬ ሰርቪስ ቤቷን የተከራየው ልጅ ሥራው ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ይዘፍናል። በሳምንቱ መካከል ድራማ ይሠራል፤ አንዴ ፖሊስ፣ አንዴ ሐኪም ሆኖ አይቼዋለሁ። በተረፈው ጊዜ ይጽፋል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የሚጽፈውን ሁሉ እሰማለሁ፤ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ እያወጣ ነው የሚጽፈው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤቴ ውስጥ አምስት ሰው አስገብቶ ኪራይ የሚከፍለኝ የአንድ መስሎኝ ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ሰው ሦስት ሙያ መያዙን እቃወማለሁ። አብዛኛውን ነገር እቃወማለሁ፤ መጣጥፍ የሚጽፍ ሰው ሰው ሁሉ በተስማማበት ከተስማማ ምን ይጽፋል? ይህንኑ አቋሜን ጋዜጣ ላይ አውጥቼ ነበር። ልጁ አንብቦት በጠዋት ቧንቧው ዘንድ አገኘኝ።

"ጋሼ፣ ጽሑፍዎን አየሁት። ጥሩ ነው። ግን ቀን ቢሮ ይውላሉ፣ ማታ ይጽፋሉ፣ ቤት ያከራያሉ። ስለ አንድ ሙያ የጻፉት የትኛው ሆነው ነው?"

"ስድብ ነው?"

"ጥያቄ ነው።"

"'ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል' ነው የሚባለው። ሦስት ትከል ያለ የለም።"

"ተረቱን ያወጣው ሰው ሙዚቃ አልሞከረማ" አለና ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ።

ከዚያ ፊልም ጻፈ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ የሰርግ ቤት ዘፋኝ ልጅ ይወዳል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ አባቷ ያባርራቸዋል። ሽማግሌዎቹ የሚባረሩበትን ቦታ ጎጆ የምትባለው የደጋ ከተማ ላይ ካልቀረጽኩ አለ፤ ጉም ፈልጎ ነው። አባት ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ መጣ፤ የጎጆን መንገድ ሰው ሲያወራለት ሰምቶ በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ። እኔ አብሬያቸው የወጣሁት ልጁ ሲወድቅ ለማየት ነበር፤ አልደብቅም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጁ ፊቴን ትክ ብሎ አየና፣

"ጋሼ፣ የእርስዎ ፊት ምንም ሳይባል እንቢ ይላል" አለኝ።

በዚህ ብቃት ተዋናይ ሆንኩ። ከአንድ የጎጆ በግ የተሸለተ ፀጉር በሙጫ አገጬ ላይ ለጥፈው ጢም አደረጉልኝ፤ ባርኔጣ ደፉብኝ። እንድናገር የሰጠኝ ይህን ነው፤ "ልጅ የሚሰጠው በር ላለው ሰው ነው። የእናንተ ሰው በር የለውም፤ መስኮት ብቻ ነው። መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ ገብቶ የሚያርፍበት የለም። ዛሬ ቆማችሁ ሂዱ። መቀመጥ ካማራችሁ፣ ለቅሶዬ ላይ ትቀመጣላችሁ።" ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ወረወርኩና ተናገርኩት። "መስኮት ብቻ ነው" ካልኩ በኋላ ሳል ያዘኝ፤ ጉንፋን ነበረብኝ። እንደገና እንቅረጸው ብል ልጁ "ሳሉ ይግባ" አለ።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት አልገባም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ የአውቶቡስ ቴሌቪዥን ላይ ገባ። በጢሙ ምክንያት አምቦ ውስጥ ያወቀኝ ሰው የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በዓመቱ ግድም ልጁ በሬን አንኳኳ።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ። የእውነቱን።"

ልጅቷ ጉደር ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንዳንድ እሁድ ትመጣ ስለነበር አውቃታለሁ። አባቷ ካልመረቃት አታገባም፤ ቁርጡን ነግራዋለች። አባትየው ደግሞ የእሳቸውን ቁርጥ ነግረዋታል። አንዴ ይምጡ፣ ከእንቢታዬ በኋላ ግን ደጄን የረገጠ ሽማግሌ ወየውለት ብለዋል። አገሩ ሁሉ ሦስቴ ተመላልሶ የሚለምነውን እኛ በአንድ ጠዋት ልንጨርሰው ነው። ልጁ ያን ሰሞን የማንንም ድምፅ አያወጣም ነበር።

ከእኔ ጋር አንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርና አንድ የዕድራችን ዳኛ ሄዱ። አባትየው ቁመተ ረጅም ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው ተቀበሉን። "አካም ጅርቱ" ተባባልን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ተጠያየቅን። ከዚያ ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው የልጁን ዘርና ጠባይ ዘረዘሩ።

"ሥራውስ?" አሉ አባትየው።

"የኪነ ጥበብ ባለሙያ ነው።"

"ሥራውን ነው የጠየቅሁት።"

"ሙዚቃ፣ ትወና፣ ድርሰት።"

"እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። የመጡብኝ ሦስት ሰዎች ናቸው እንዴ?"

የዕድሩ ዳኛ ሊስቁ ነበር፤ ተውት። አባትየው ተነሡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ወደ ትከሻቸው ወረወሩ።

"ስሙኝ ጃርሶሊ" አሉ፤ ሽማግሌዎች ማለታቸው ነው። "ልጅ የሚሰጠው በር ላለው ሰው ነው።"

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም።

"የእናንተ ሰው በር የለውም። መስኮት ብቻ ነው።"

ሳሉ። እዚያችው ቦታ ላይ፣ እንደኔው ሁለት ጊዜ ሳሉ።

ብዙ አንብቤአለሁ። ሰው በመንፈስ ስለ መያዙም አንብቤአለሁ፤ ሳነብ ሁሉ ስቄአለሁ። ያን ዕለት ግን ከአንገቴ እስከ ወገቤ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። ሰውየው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጋቢዬን፣ ዓይኔን፣ ጎጆ ላይ የያዘኝን ጉንፋን ሳይቀር ይዘውት ቆመዋል።

"መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ ገብቶ የሚያርፍበት የለም። ዛሬ ቆማችሁ ሂዱ። መቀመጥ ካማራችሁ…"

እዚህ ላይ ጠፋባቸው። ጣራ ጣራውን አዩ። "መቀመጥ ካማራችሁ…"

"ለቅሶዬ ላይ ትቀመጣላችሁ" አልኩ እኔ። አስቤበት አይደለም። በዚያው በፊልሙ ድምፅ ከአፌ ወጣ።

"ልክ ነው" አሉ አባትየው፤ ከዚያ ደርቀው ቀሩ።

የዕድሩ ዳኛ አማተቡ። ዳይሬክተሩ ያዩኝ አስተያየት ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አለ፤ ለመለመን የመጣ ሰው እንቢታውን ሲያሟላ አይተው አያውቁም። ጓዳ ይንኳኳ የነበረው ዕቃ ዝም አለ።

"ይህን የት ሰሙት?" አሉኝ።

"እርስዎስ?"

"ከባኮ ስመጣ፣ አውቶቡስ ላይ። አንድ ሽማግሌ፣ ጢሙ እስከዚህ የወረደ። አባት ማለት እሱ ነው ብዬ…"

"ጢሙ የበግ ፀጉር ነው።"

"ምን?"

"የጎጆ በግ። ሙጫው ሲነሣ የአገጬን ቆዳ ይዞ ነው የሄደ።"

ቀረብ ብለው አገጬን አዩ።

"ሳሉስ?"

"ጉንፋን ነበረብኝ።"

"እኔ ጉንፋን የለብኝም" አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። በዚያች ሰዓት ከእኔ ከራሴ በቀር እንደዚያ የደነገጠ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

"ማን ነው የጻፈው?"

"በር የለውም ያሉት ልጅ።"

"ዱጋ? እውነት?"

"እውነት።"

"በራሱ ላይ?"

"በራሱ ላይ።"

"ለምን? እኔ ብሆን አባትየውን ሰካራም አድርጌ ነበር የምጽፈው። ቂል አድርጌ።"

እዚህ ላይ ሽማግሌ ሁሉ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ እኔ አልመጣልኝም። የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ።

"ግድግዳችን አንድ ነው። ሲጽፈው ሰምቻለሁ። የወጣቱን ንግግር ቶሎ ጨረሰው። የአባትየውን ግን ሳምንት ሙሉ ሲደጋግመው ከረመ። አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ አባትየውን 'ልክ ነህ እኮ' ሲለው ሰማሁት።"

ከጓዳ በኩል መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ።

"መጨረሻው ምንድን ነው?" አሉ አባትየው። "እኔ ጉደር ወረድኩ። ሹፌሩን ትንሽ ቁም ብለው ተሳፋሪው ጮኸብኝ። ፊልሙ ወደ አምቦ ሄደ።"

መዋሸት እችል ነበር። አባትየው ተጸጽቶ ያለቅሳል፣ ሰርግ ይሆናል ብል ማን ያውቃል? ዳይሬክተሩም በዓይናቸው እንድዋሽ እየለመኑኝ ነበር።

"ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ" አልኩ። "ልጅቷ አባቷን አትተውም፤ ትቀራለች። አባትየው ሲመሽ ይገባል። የተደረደሩት ወንበሮች እንደቆሙ ናቸው። አንዱ ላይ ይቀመጣል። ልጅቷ ራት ታቀርባለች። አይነጋገሩም። አለቀ።"

"ትቀራለች?"

"ትቀራለች።"

"አባትየው አሸነፈ ማለት ነው።"

"አሸነፈ።"

"ዘፈን የለውም መጨረሻው?"

"የለውም። ሙዚቀኛ ነው፣ እዚያ ላይ ግን ምንም አላስገባም። የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማ።"

ሦስቱን ወንበሮች አዩ። ቀጥሎ የጓዳውን መጋረጃ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ነበር፤ አላነሡትም።

"ቁጭ በሉ" አሉ።

ዳይሬክተሩ ሥርዓት አዋቂ ናቸው። "እሺታዎን ሳንሰማ…"

"ጉደር ውስጥ 'ቁጭ በሉ' ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቷችሁ ነው? ቁጭ በሉ እንጂ።"

ጉልበቴ ከሁሉ ቀድሞ ሰማ።

አምቦ ስንደርስ ልጁ የግቢው በር ላይ ቆሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አልፈውኝ ሄዱ፤ የሆነውን እኔው እንድነግረው ብለው ነው።

"ምን አሉ?"

"የአንተን ቃል አሉ።"

"የቱን?"

"የበሩን።"

ፊቱ አመድ ሆነ። ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ቀጥሎ ያለውን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀድሞኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣

"ሳሉንስ? ሳሉ?" አለኝ።

ክው አልኩ። ሕይወቱ ያለቀ መስሎታል፤ የሚጠይቀኝ ስለ ሳል ነው።

"ሳሉ። 'መስኮት ብቻ ነው' ካሉ በኋላ።"

"ቦታው ነው" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ከዚያስ?"

"ከዚያ ቁጭ በሉ አሉን።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ በሩንም አልዘጋው። ኪቦርዱን ይነካል ብዬ ቤቴ ገብቼ ጠበቅሁ። አልነካም። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው በኩል ድምፁን ሰማሁ። "ቁጭ በሉ" ይላል። ጮክ አድርጎ፣ "ቁጭ በሉ።" እንደ ተቆጣ ሰው፣ "ቁጭ በሉ።" እንደ ደከመው፣ "ቁጭ በሉ።"

"ከዚህም ዝቅ አድርገው ነው ያሉት" አልኩት፣ ግድግዳውን በጣቴ እየመታሁ።