በሁዳዴ የተቀመሰ ወተት

እናቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ጎረቤታችን እማማ ተዋቡ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠዋል። እኔ በሁለቱ መካከል አንገቴን አስግጌአለሁ። ውስጥ ጋሽ ደርቤ መደባቸው ላይ ተኝተዋል፤ እትዬ ብዙነሽ ትኩስ ወተት በኩባያ ይዛ አጠገባቸው ተንበርክካለች። ቤቱ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለ አንድ ክፍል ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን የሸተተኝ ወተት ነው። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ፌስታሌን ይዤ ደረጃ ስወጣ፣ ከአንዱ በር ኋላ ወተት ገንፍሎ ሲያር ሸተተኝና በሁዳዴ ማን አፈላ ብዬ ቆምኩ። ሕፃን ይኖር ይሆን ወይስ በሽተኛ? ላንኳኳ እጄን አንስቼ መለስኩት፤ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ በሩ የማን እንደሆነ አላውቅም።

በዚያን ጊዜ የማን ድስት ምን እንደያዘ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ከገርጂ በኩል ከሚመጡት የገበሬ ሚስቶች በጾም ወተት ስትገዛ ወሬው ቀድሟት ቤት ገባ። ወተቱ ለጋሽ ደርቤ ነበር። ጋሽ ደርቤ ዘመድ የሌላቸው ጡረተኛ ዘበኛ ናቸው፤ ሳል ጥሏቸው ነበር። እሷ ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ ታጥባቸዋለች፣ የሽንት ጣሳውን ትደፋለች፣ አጥሚት ታጠጣቸዋለች። ለምን ብለው ሲጠይቋት «ታመው እያየኋቸው ክርስቶስን ሌላ የት ልፈልገው?» ትል ነበር። አጥሚቱ አልረጋ ብሏቸው ሲከሱ፣ ካህኑ ወተት ይጠጡ ብለው ፈቀዱ።

እትዬ ብዙነሽ የረሳችው አንድ ነገር ነበር። በአገሩ ወግ አቅራቢ በመዳፉ አፍስሶ ሳይቀምስ መጠጥ አይሰጥም። ጋሽ ደርቤ ደግሞ ወንድማቸው ሰው ቤት ጠጥቶ ሞተ ይባላልና፣ ያልተቀመሰ ነገር በአፋቸው አይዞርም።

«ቅመሺው» አሉ።

«ጋሽ ደርቤ፣ ሁዳዴ እኮ ነው።»

«ሁዳዴ መሆኑን መች አጣሁት? ያልተቀመሰ አልጠጣም።»

እማማ ተዋቡ ከደጅ ሆነው «አንተን መርዞ ምን ሊወረስ ነው? ቁንጫህ?» አሉ።

«ቁንጫዬ ካንቺ ምላስ ይሻላል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እናቴ «ይቺ ልጅ ገና አትጾምም፤ እሷ ትቅመስ» ስትል፣ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ አንድ እግሬን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

«ልጅ ምን ታውቃለች? ያፈላው እጅ ይቅመስ» አሉ ጋሽ ደርቤ።

እትዬ ብዙነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም። ለዚያ ፋሲካ ልትቆርብ ንስሐ ገብታ እየተዘጋጀች መሆኑንም ሰፈሩ ያውቃል። ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም። ኩባያውን አየች። ወደ ግድግዳው የዞረውን ጀርባ አየች፤ የትከሻቸው አጥንት ሸሚዙን ወጥሮት ነበር።

አማተበች። እናቴ ዓይኔን ሸፈነችኝ፤ በጣቶቿ መካከል አየሁ። በመዳፏ አፈሰሰችና ጠብታ ሳይሆን ጉንጭ ሙሉ ጠጣች።

«ጋሽ ደርቤ፣ ይዩኝ» አለች። ደግማ አፈሰሰችና እያዩዋት ዋጠች።

«ገደፈች!» አሉ እማማ ተዋቡ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

ጋሽ ደርቤ ጉሮሮዋን ሲመለከቱ ቆዩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ኩባያውን ከሥር ደግፋ ያዘችላቸው።

ለንስሐ አባቷ ምን ብላ ነግራቸው ይሆን? በፋሲካስ ቆርባ ይሆን? ዛሬም ማወቅ እፈልጋለሁ። ያኔ ልጅ ትልቅ ሰው አይጠይቅም ነበር፤ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ወተቱ ሲያልቅ አፋቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው፣ ኩባያውን አለቀለቀች። እናቴና እማማ ተዋቡ ግራና ቀኝ ለቀቁላት፤ አጎንብሳ በመካከላችን አልፋ ወጣች።