ለሐዋ የሚቀላት የሣር ማጨጃ

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከድሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ በስምንት ሰዓት ነው። ድሬን የሚያውቅ ምክንያቱን አያጣውም። በዚያ ሰዓት ከተማው ምሳውን በልቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ጫቱ ላይ ተቀምጧል፤ ጎዳናው የፍየል ነው። ደላላው "ማንም አያይህም" ያለኝ ለዚህ ነበር። ሚስቴ ሐዋ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። አላለቀሰችም፤ "ውሃ ይዘሃል?" ብቻ አለችኝ። ባጃጁ ወደ መልካ ጀብዱ መንገድ ሲታጠፍ ዞር ብዬ ሳይ፣ በዚያ ሐሩር አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።

ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን መንገድ አልተርከውም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትም ባይሰማው ይሻለዋል። ስዊድን ገባሁ። ይኸው ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከሄድኩ በኋላ የተወለደችውን ልጄን ዘይነብን እስከ ዛሬ አቅፌያት አላውቅም።

ሁለቱን ለማስመጣት የማይጠየቅ ወረቀት የለም። ሁሉንም አሟልቼ የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ለቤተሰብ የሚበቃ ቤት እንዳለኝ የሚመሰክር የአከራዬ ደብዳቤ። አከራዬ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ ናት። ደግ ናት፣ ሥርዓት ግን ትወዳለች። ደብዳቤውን ስጠይቃት ቤቱን ልይ ብላ መጣች፤ ጓሮው በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሣር ነው።"

"ሣር መሆኑንማ አያለሁ። ለምን ጉልበት ድረስ ደረሰ?"

እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው የተውኩት! ሐዋ ስትመጣ ለምለም ሆኖ እንዲቆያት ብዬ። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ሣር ቢገኝ ፍየሎቹ ከየሰፈሩ ተጠራርተው በአንድ ቀን ልጭት ያደርጉት ነበር፤ እዚህ ጠያቂ የለውም፣ ዝም ብሎ ያድጋል። የድሬ ሰው ለምለም ነገር አግኝቶ ቆርጦ ይጥላል እንዴ? ይህን በዚያች በተሰባበረች ስዊድንኛዬ እንዴት ላስረዳት?

"ሁለት ፍየል ባመጣስ?" አልኳት።

"ኔይ!" አለች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። "ለፍየል ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።"

"ለፍየልም?"

"ለፍየልም።"

አይ አገር! እኔ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ፍየሏን ስንት ዓመት ሊያስጠብቋት ነው?

"ማጨጃ ማሽን ግዛ" አለችኝ። "ሣሩ የተከራይ ኃላፊነት ነው፤ ውላችን ላይ አለ። ዓርብ እመለሳለሁ። ተስተካክሎ ካገኘሁት እፈርማለሁ።"

ካልተስተካከለስ? አላልኳትም። ፈራሁ።

ረቡዕ ዕለት ሱቅ ሄድኩ። ወላሂ መኪና የምገዛ ነው የመሰለኝ! በቤንዚን የሚሠራ አለ፣ በባትሪ የሚሠራ አለ፣ በእጅ የሚገፋ አለ፣ እንደ ኤሊ ለብቻው እየዞረ የሚያጭድም አለ። በኮንትሮባንድ ዕቃ መሐል ያደገ ሰው ደግሞ ዕቃ የሚመርጠው አንስቶ ነው፤ ከከበደ ኦርጅናል፣ ከቀለለ ፎርጅድ። አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። ሻጩ እየሮጠ መጣ።

"ምን ልርዳህ?"

"ክብደቱን እያየሁ ነው።"

"እዚህ ላይ ተጽፏል እኮ።"

"የተጻፈ አላምንም።"

"የአንተ ሣር ስንት ካሬ ሜትር ነው?"

"ሁለት ፍየል በሦስት ቀን የሚጨርሱት" አልኩት። አልሳቀም። እኔም ቀልዴን አልነበረም፣ በሌላ መለኪያ አላውቀውም።

ጨነቀኝ። ድሬ ላይ ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ማን አለ? ለአንድ ራዲዮ እንኳ ሰፈር ተሰብስቦ ነው የሚመከረው። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው።

"ዋሪያ! ከባዱን፣ ቤንዚኑን ግዛ!" አለ ጀማል። "ድምፁ እስከ ሁርሶ ይሰማ!"

እናቴ ስልኩን ቀማችው። "ልጄ፣ ያ ሰው ሳይነካው የሚሄደው ቤትህ እንዳይገባ! አዑዙ ቢላህ!"

"እሺ እማ፣ አልገዛውም። ሐዋን ስጡኝ" አልኩ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፤ ማሽኑን የምትገፋው እሷ ናት፣ እሷ ትምረጥ ብዬ ነው።

ጀማል ስልኩን ከእናቴ መልሶ ተቀበለ።

"ሐዋማ ቀፊራ ገበያ ናት" አለ ጀማል። "መደብ ይዛ ቅመም ትሸጣለች። አልነገረችህም እንዴ?"

አልነገረችኝም። በየቀኑ እንደዋወላለን፣ አልነገረችኝም።

ደወልኩላት። ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ፣ ፊት ለፊቷ የበርበሬ ቁልል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከረመዳን በፊት ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አቦ፣ መቼ ልንገርህ? በደወልክ ቁጥር ስትመጪ እንዲህ፣ ስትመጪ እንዲያ ነው።" አንድ ደንበኛ በሶማልኛ ዋጋ ጠየቃት፤ መልሳለት ወደ እኔ ዞረች። ፈጣን ሆናለች፤ የማላውቃት ሴት ሆነችብኝ።

ካሜራውን ወደ ማሽኖቹ አዞርኩት። "የቱ ይቀልሻል? ይሄ የባትሪው ቀላል ነው፣ አንቺም ትገፊዋለሽ።"

አየቻቸው። "ሙክታር፣ ለራስህ የሚመችህን ግዛ። ለእኔ ብለህ አትምረጥ።"

"አትመጪም ማለት ነው?"

"እንደዚያ አላልኩም። ዘይነብ ትምህርት ጀምራለች፣ ጓደኞችም አሏት። እኔም ሥራ ይዣለሁ። ስድስት ዓመት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ፣ ደከመኝ። ለእኔ ብለህ አትምረጥ ነው ያልኩህ፣ በቃ።"

ሻጩ "ወሰንክ?" አለኝ። እኔ እኮ ልጮህ ነበር የፈለግኩት። ማንን ልቆጣ? እሷን? ውሃ ይዘሃል ብላ የሸኘችኝን? የባትሪውን አንስቼ ከፈልኩ።

ዓርብ ሴትዮዋ መጣች። ጎንበስ ብላ የታጨደውን ሣር በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ፈረመች። ደብዳቤው "ቤቱ ለሁለት አዋቂና ለአንድ ልጅ በቂ ነው" ይላል። እጄን ጨብጣ እንኳን ደስ አለህ አለችኝ፤ አመሰገንኳት። ደብዳቤውን ላስገባው፣ ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ቅዳሜ ሐዋ ራሷ ደወለች።

"ገዛህ?"

"ገዛሁ።"

"የቱን?"

"ቤንዚኑን፣ ከባዱን" አልኳት።

"ጎሽ" አለችኝ፣ ቅልል እንዳላት ከድምፅዋ ያስታውቃል። "ለአንተ እሱ ይሻልሃል።"

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና፣ ሣሩ ገና አጭር ቢሆንም፣ ቀላሏን ማሽን አስነሳሁ። እጀታዋን በሐዋ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ጎንበስ ብዬ አጭዳለሁ።