ገመድ የማትዘረጋው ሴት

እንጨት መቅረጫውን ማሽን ከኮምፒውተሩ ጋር ልታገናኝ የመጣችው ሴት ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች። ያለ ገመድ ትእዛዝ ከሚያስተላልፉት ሁለት ትንንሽ የሬዲዮ ሳጥኖቿ አንዷን ማሽኑ ጀርባ፣ ሌላዋን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች። በአየር የተላከው ትእዛዝ ግን መሃል ላይ እየተቆረጠ ማሽኑ ደጋግሞ ቆመ።

«እህቴ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ገመድ ዘርግተን እንገላገል» አላት ባለ ወርክሾፑ።

«ወለል ላይ ገመድ አልዘረጋም፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ይጠልፋል። እኔ አውቀዋለሁ።»

የመላኪያውን ፍጥነት ቀነሰች፤ የሳጥኗን አንቴና ሞገዱን ከሚረብሸው የማሽኑ ሞተር አራቀች፤ እንደገና ላከች። ማሽኑ የአንድ በር ቅርጽ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ቀረጸ።

አንድ ሠራተኛ ሳንቃ ተሸክሞ፣ እግሩ ሥር ሳያይ ወርክሾፑን አቋርጦ ሄደ። እሷም ማዶ እስኪደርስ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።