ሳላነብ የፈረምኩት

ጀርባዬ ቀና፤ እግሬ ተኛ። ሓድነት ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋዬና የስፌት መኪናዬ ተፋጠዋል። መኪናዋ የምትሠራው በእግር ነው። በአንድ እግርም ትረገጣለች የሚሉኝ ረግጠዋት የማያውቁ ናቸው።

ከልጅነቴ ጀምሮ «ጎባጣው» ነበርኩ። ጉብጠቴን ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ተሸከምኩት። ኋላ ሐኪሙ ብረት አስገብቶ እንደሚያቃናው ነገረኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ነርሷ የስምምነት ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ላንብብልዎት?»

«ዕውር መሰልኩሽ?» አልኳት።

ፊደል የቆጠርኩት ካርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ እስከዚያ በየቢሮው አውራ ጣቴን ቀለም ሲነክሩት ኖሬያለሁ። እና አራቱን ገጽ፣ የተማረ ሰው ይፈጅበታል ያልኩትን ያህል ጊዜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ገለበጥኩት። አንዲት መስመር አላነበብኩም። ከዚያ ስሜን እስከ አያቴ አሳምሬ ጻፍኩ። ማንበብ የማትችለው ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ምን ይላል?»

«ትድናለህ ይላል።»

ስነቃ ግራ እግሬ የሌላ ሰው ሆኗል። ጣቶችህን አንቀሳቅስ አሉኝ፤ አዘዝኳቸው፣ አልሰሙኝም። ውስጡ ግን በርበሬ እንደተነሰነሰበት ይለበልባል። ነርቩ ተጎድቷል፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለኝ ሐኪሙ።

አሁን ጠያቂው ሁሉ ሙዝ ይዞ እየገባ ጀርባዬን ያደንቃል። ጎረቤቴ አናጢው ትናንት፣ «ኣጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ! ኮሎኔል መስለህ የለ እንዴ!» አለኝ።

«እንግዲያው ኮሎኔሉን ሽንት ቤት አድርሰው።»

እየሳቀ ተሸክሞ አደረሰኝ።

ሚስቴ ግን አትስቅም። «ሳይነግሩን አበላሹህ፤ እከሳቸዋለሁ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። እኔ ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ የወረቀቱን ቅጂ ከሻንጣ አወጣች። ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ልትሄድ ነው።

«መጀመሪያ አንብብልኝ።»

ወዴት ልሂድ? በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ፦ ነርቭ ሊጎዳ፣ እግር ሊሰንፍ ወይም ሽባ ሊሆን ይችላል። መጨረሻው ላይ፦ አንብቤ ተረድቻለሁ። ከሥሩ ያ ያሳመርኩት ስሜ።

«ያን ጊዜም እንዲህ ይል ነበር?»

«ይል ነበር።»

ወረቀቱን አጣጥፋ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም። በሩን ክፍት ትታዋለች። አላፊ አግዳሚው እያየኝ ያልፋል፤ ተነስቼ አልዘጋው።